በኮሶ ቀን የመጣ እንግዳ

ሙሴ ቪቶሪዮ በብረት አልጋው ላይ ተጋድሟል። አንሶላው ነጭ፣ ሸሚዙ ንጹሕ ነው። ፊቱ ግን ተሠቃይቶ የሞተ ሰው ፊት ነው። ሻምበል ዋኘው በሩ ላይ ቆሞ ጥቂት አየውና ጥርሱን ነከሰ።

«ይህን ሰው እንዲህ ያሳመረው ማነው?» አለ።

የቤቱ እመቤት አምሳል እጇ በገመድ ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች። ትንሿ ልጇ ጽጌሬዳ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛለች። ከግቢው ውጭ የቀሐ ሰፈር ሰው አጥሩን ሞልቶታል።

ቪቶሪዮ ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ አብሮ አልወጣም። ማኪና እየጠገነ፣ ከአምሳል ጋር ቤት ሠርቶ ልጅ ወልዶ ቀረ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ቦቼ የሚባለውን ያገሩን የኳስ ውርወራ ይጫወት ነበር፤ ኳሶቹን ከወይራ እንጨት የጠረባቸው እሱ ራሱ ነው። ጥሬ ሥጋ ስለሚወድ እንደ አገሬው ሰው ኮሶ ይጠጣል። በዚያ ቅዳሜ ጧትም ጠጥቶ ነበር።

«መርዛ ገደለችው!» እያለ ግቢው ውስጥ የሚጮኸው ዳቦ ጋጋሪው ሙሴ ሬናቶ ነው። ሚስቱ ኢልዳ አጠገቡ በመሐረብ አፏን ይዛ ቆማለች። ሁለቱ የቪቶሪዮ የቅርብ ወዳጆች፣ የእሑድ ጨዋታ ባልደረቦቹም ነበሩ።

አንደኛው ፖሊስ ትንሽ ቆርቆሮ አሳየ። «የአይጥ መርዝ ነው፣ ሻምበል። ከጓዳዋ መደርደሪያ ነው ያገኘነው።»

ሻምበሉ ቆርቆሮውን አልተቀበለም። ጎንበስ ብሎ የሟቹን እግር እያየ ነበር። የሱፍ ካልሲው ተረከዝ ላይ አጫጭር ጥቁር ፀጉሮች ተጣብቀዋል። አንሶላው ላይ አንድም የለም። ፀጉሮቹን ለቅሞ በመሐረቡ ቋጠራቸው።

በማግሥቱ እሑድ ቪቶሪዮ ተቀበረ። አምሳል እስር ቤት ስለነበረች አላየችም። ሐኪሙ የአይጥ መርዝ መሆኑን አረጋገጠ። አዛዡም ሻምበሉን አስጠርቶ፣ «ምን ትጠብቃለህ?» አለው። «ነገ ጧት እነ ሬናቶ ወደ አስመራ፣ ከዚያም ወዳገራቸው ይሄዳሉ። ልጅቷንም ይወስዳሉ። አባቷ አደራ ብሎናል ይላሉ። እናቷ እንደሆነች ነፍሰ ገዳይ ናት።»

«ማን ፈረደባት?» አለ ሻምበሉ።

«እስከ ነገ ጧት ሌላ ገዳይ ካላመጣህ እኔ መዝገቡን እዘጋለሁ።»

ሻምበል ዋኘው በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ሲናደድ ድምፁን አያሰማም፤ አካሄዱ ብቻ ነው የሚፈጥነው።

አምሳል ከእስር ቤቱ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር።

«ኮሶውን ማን ወቀጠው?» አላት።

«እኔና ጎረቤቴ አበቡ። ባሏ አያ ፋንታሁንም በዚያው ቀን ይጠጣ ስለነበር ባንድ ሙቀጫ ወቅጠን ተካፈልን።»

«ለባልሽ ስትሰጪው ቀምሰሻል?»

ቀና ብላ በቁጣ አየችው። «ምነው ሻምበል! ሳልቀምስ ለሰው እሰጣለሁ? በመዳፌ አፍስሼ ቀምሻለሁ። እስካሁን ምላሴን ይመረኛል።»

«ከዚያስ?»

«ጓዳ ውስጥ ቁርበት ላይ አስተኛሁት። ኮሶ የጠጣ ሰው በጓሮ በር ቶሎ ቶሎ ይወጣል፤ አልጋ አይሆነውም። ከዚያ ማታ የሚበላውን ዶሮ ልገዛ ልጄን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እዚያው ቁርበቱ ላይ ሞቶ አገኘሁት። ነጮቹ መሬት ላይ አይተው እንዳይንቁት ብዬ ከአበቡ ጋር ፊቱን አጠብንለት፣ ሸሚዙን ለወጥንለት፣ አልጋው ላይ አወጣነው። የጮኽሁት ከዚያ በኋላ ነው። ነውር ነው? ባሌን ማክበሬ ነው ያሳሰረኝ?»

«የአይጥ መርዙስ?»

«ኢልዳ ናት የሰጠችኝ። አይጥ ቁርበቴን በላብኝ ብያት ነበር።»

«ልጅሽን አደራ ብሏቸዋል?»

«ድሮ አንድ ቀን ጠጥቶ፣ ትሂድና ትማር ብሎ ነበር። ኢልዳ ልጅ የላትም። በየእሑዱ ለልጄ ጥልፍ ታስተምራታለች፣ ሮዛ ብላ ትጠራታለች። እኔም ወዳጅ ናት ብዬ ሸጋ ሸጋውን አቀርብላት ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ቪቶሪዮ ጨዋታውን አቋርጦ፣ ልጄ ከእናቷ አትለይም አላቸው። ኳሱን አጥር ላይ ወርውሮ ቤት ገባ።» አምሳል ተንበርክካ የሻምበሉን እግር ያዘች። «እኔን ይስቀሉኝ። ልጄ ግን ያን ማኪና እንዳትሳፈር ያድርጉልኝ። አንዴ ከሄደች ማን ይመልስልኛል?»

«እግሬን ልቀቂ። ልትሰቀይ አይደለም» አለ ሻምበሉ።

አበቡን ያገኛት ደጃፏ ላይ ነው። ሳይጠይቃት ጀመረችው።

«ባሌ ይኸውልዎ! ከዚያው ሙቀጫ ጠጥቶ እንደ በሬ ያገሳል። ኮሶው መርዝ ቢሆን እኔም ይሄኔ መበለት ነበርሁ።»

«ቪቶሪዮ የተኛበት ቁርበት የት አለ?»

አበቡ ግራ ቀኙን አየች። «የኔ ነው፣ ሻምበል። የአምሳል ቀዩ ቁርበት በአይጥ ተበልቷል። በዚያ ጧት ጥቁሩን አዋስኋት። ሬሳውን አልጋ ላይ እንዳወጣን በጓሮ ይዤው ሄጄ አጠብሁት።»

«ምን ምን ይሸት ነበር?»

«ኮሶ ነዋ! ደግሞም…» አፍንጫዋን ጨበጠች። «ከረሜላ ከረሜላ። እሑድ እሑድ እነ ሬናቶ ይዘውት የሚመጡት፣ ውኃ የመሰለ መጠጥ የለም? አኒስ የሚሉት። እሱን ይሸታል። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ እስኪወጣለት አንዳች አይቀምስም። ይህን ቪቶሪዮም ያውቃል።»

«ወደ ቤቱ የገባ ሰው አላየሽም?»

«እኔ ጓሮ ከባሌ ጋር ነበርሁ። ሰፈሩ በሙሉ ገበያ ነው። ደግሞ በኮሶ ቀን ማን ሰው ቤት ይገባል? ነውር የሚያውቅ አይገባም።»

የአምሳል ወንድም የሻው ከፖሊስ ጣቢያው በር አልጠፋም ነበር። ቅዳሜ ከማክሰኝት እህል ጭኖ መጥቷል፤ ጠላ ቤት ገብቶም ያን ጣሊያን እገድለዋለሁ ማለቱን ብዙ ሰው ሰምቷል።

«ብያለሁ» አለ ፊት ለፊት። «አባቴን የገደሉት እነሱ ናቸው። እኅቴ ከነሱ አንዱን ስታገባ ደጇን ላልረግጥ ምያለሁ፤ አልረገጥሁም።»

«መጠጥ ብትሰጠው ይጠጣልህ ነበር?»

የሻው በንቀት ሣቀ። «ከኔ እጅ? ውኃ እንኳ አይጠጣም። ሞኝ አልነበረም።»

«ይህስ ልክ ነው» አለ ሻምበሉና ወደ ዳቦ ቤቱ አቀና።

ዳቦ ቤቱ ባዶ ሆኗል፤ ዕቃው በገመድ ታስሯል። ሬናቶ አማርኛውን አሳምሮ ይናገራል፤ ሲቆጣ ደግሞ አያቆምም።

«ወንድሜ ነበር! ከሱ ጋር ስንት ዓመት በሰው አገር ኖረናል! አንድ ሲጋራ ለሁለት አጭሰናል! እሷ ግን እንደ ውሻ በጥቁር ቁርበት መሬት ላይ አስተኝታው ገበያዋን ዞረች! ይህ ሚስት ነው?»

ሻምበሉ፣ «ቅዳሜ ጧት የት ነበሩ?» አለው።

«ሌሊቱን ስጋግር አድሬ ተኝቼ ነበር።»

ኢልዳ ከወዲያ ጥግ የጽጌሬዳን ፀጉር ታበጥር ነበር። ፀጉሯን እስከ ጆሮዋ ቆርጣዋለች፤ ሰማያዊ ቀሚስም አልብሳታለች።

«እርስዎስ?» አላት።

«ከዚህ አልወጣሁም። ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ እንደማይቀበል አውቃለሁ» አለች፣ እጇን ከልጅቷ ራስ ሳታነሣ።

ልጅቷ ሻምበሉን አየችው። «እናቴ መቼ ነው የምትመጣ?»

«አትናገሪ፣ ሮዛ» አለች ኢልዳ።

ሰኞ ጧት ሻምበሉ ጭነት ማኪናውን ከቪቶሪዮ ደጃፍ አስቆመው። ሬናቶና ኢልዳ ወርደው ገቡ፤ ልጅቷ ጋቢና ውስጥ ቀረች። አምሳል እጇ እንደታሰረ መጣች። አበቡና ሆዱን የያዘው ፋንታሁንም መጡ። የሻው ከአጥሩ ውጭ ቆመ። አዛዡ ሰዓቱን እያየ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሻምበሉ ከቦቼ ኳሶች አንዱን ከመሬት አነሣ።

«ቪቶሪዮን ኮሶው አልገደለውም። አያ ፋንታሁን ከዚያው ሙቀጫ ጠጥቶ ቆሟል።»

«መቆሙንስ ቆሜያለሁ» አለ ፋንታሁን።

«አምሳል ቀምሳ ነው የሰጠችው። መቅመሷን ማን አየ ትሉ ይሆናል። እሺ፣ አልቀመሰችም እንበል፤ መርዙንም ኮሶው ውስጥ ጨምራዋለች እንበል። ታዲያ ቁርበቱ ለምን አኒስ አኒስ ይሸታል? መርዙን በኮሶ የሰጠ ሰው ሌላ መጠጥ ምን ያደርግለታል? መርዙ በአኒሱ ውስጥ ነበር። በዚህ ቤት ደግሞ አኒስ የለም።»

አዛዡ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ቪቶሪዮ በኮሶ ቀን አፉን መዝጋት እንዳለበት ያውቃል። ከማን እጅ ይጠጣል? የሻው ቢሰጠው አይቀበልም። አምሳል ራሷ ከልካይ ናት። ያገሩን መጠጥ ይዞ፣ ባገሩ ቋንቋ፣ ይህ ምሬቱን ያጠፋልሃል ያለው ወዳጅ ነው ያጠጣው። ቀኑንም መርጦ ነው። ኮሶ ያስታውካል፣ ሆድ ይቆርጣል፤ ይህ መርዝም እንደዚያው ነው። ሲንፈራገጥ የሰማ ሁሉ ኮሶው ነው ብሎ ያልፋል። በኋላ መርዝ መሆኑ ቢታወቅም ቆርቆሮው ከአምሳል ጓዳ ይገኛል።»

መሐረቡን ፈታ።

«ይህን ጥቁር ፀጉር ከካልሲው ላይ አገኘሁት። ቪቶሪዮ የሞተው በጥቁር ቁርበት ላይ ነው። የአምሳል ቁርበት ቀይ ነው፤ ጥቁሩ በዚያ ጧት የተዋሰችው ነው። ሰው ሲደርስ ሟቹ አልጋ ላይ፣ ቁርበቱ አበቡ ቤት ነበር። አምሳል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ታስራለች። አበቡ፣ አንቺስ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም! ለባሌ እንኳ አልነገርሁም። ሬሳ የነካው ነው ብል ይተኛበታል?»

ፋንታሁን ዞር ብሎ ሚስቱን አፈጠጠባት።

«ሙሴ ሬናቶ፣ ትናንት ግን እርስዎ በጥቁር ቁርበት መሬት ላይ አስተኝታው አሉኝ። ወይ በዐይንዎ አይተዋል፣ ወይ ሰው ነግሮዎታል። ካዩ ገዳዩ እርስዎ ነዎት። ከተነገረዎት ስሙን ይጥሩ።»

ከውጭ የማኪናው ሞተር ይንኳኳል።

«እኔ ተኝቼ ነበር…» አለ ሬናቶ።

«ማን ቀሰቀሰዎት?»

«ኢልዳ። ለምሳ።»

«ምሳ ላይ ምን አለችዎት?»

ሬናቶ ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። ባገራቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷ ወደ ማኪናው አየች። ፊቱ እንደ ዱቄቱ ነጣ።

«ተናድዳ ነበር» አለ በአማርኛ። «እጇ ይንቀጠቀጣል። ያቺ ሴት ቪቶሪዮን በጥቁር ቁርበት ላይ ጥላዋለች አለችኝ። እኔ… በአጥር በኩል አይታ ይሆናል ብዬ…»

«ጓዳው በአጥር አይታይም። በምሳ ሰዓት ደግሞ አምሳል ገና ገበያ ነበረች፤ የጮኸ ሰው አልነበረም።» ሻምበሉ ወደ ኢልዳ ዞረ። «መርዙን ስታጠጪው አልተንቀጠቀጥሽም። መሬት ላይ መተኛቱ ነው ያናደደሽ። ያን ንዴት ምሳ እስክትበዪ እንኳ መያዝ አቃተሽ።»

ኢልዳ አላለቀሰችም። «ቃል ገብቶልኝ ነበር!» ብላ ጮኸች። «ልጅቷ እዚህ ምን ትሆናለች? እንስራ ተሸካሚ? እኔ ትምህርት ቤት አስገባት ነበር! ሰው አደርጋት ነበር!»

«ሰው?» አለች አምሳል። ፖሊሶቹን ጎትታ ወደ ፊት መጣች። «እኔ የወለድሁት ምን መስሎሽ ነው? በየእሑዱ ማዕዴን ስትቆርሺ፣ ልጄን ስታቅፊ፣ እናት አላት ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ትወጃት ከሆነ አባቷን ለምን ነጠቅሻት? እናቷንስ ለገመድ ለምን ሰጠሻት? ንገሪኛ!»

ኢልዳ ዐይኗን መለሰች። ሬናቶ ከሷ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ፍቱና ያንን ገመድ ለዚህች እሰሩት» አለ ሻምበሉ። አዛዡ አልተቃወመም።

አምሳል ወደ ማኪናው ሮጠች። ልጇን ልታወርድ እጇን ዘረጋች፤ ገመዱ ያደነዘዘው እጅ ግን አልታዘዘላትም። የሻው ከአጥሩ ተነሥቶ መጣ። ልጅቷን ከጋቢናው አውርዶ አቀፋት፤ እኅቱን ተከትሎም ረግጦት የማያውቀውን ደጅ አልፎ ገባ።

ጽጌሬዳ ከአጎቷ ትከሻ ላይ ሆና ግቢውን ቃኘች። ቅዳሜ የተገዛው ዶሮ እግሩን ታስሮ አጥሩ ሥር ቆሟል፤ አበቡ ጥሬ ስትበትንለት ሰንብታለች።

«እማዬ፣ አባባ ዶሮውን አልበላውም?» አለች።

አምሳል ሄዳ ዶሮው አጠገብ ተንበረከከች። በደነዘዙ ጣቶቿ እየታገለች ክሩን ፈታችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ እጇ ታስሮ ደረቷን ያልመታችለትን፣ ሲቀበር ያላየችውን ባሏን ስሙን ጠርታ ጮኸች። ደረቷንም መታች።