ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ

ከዱባይ ሪያድ በአውሮፕላን ስምንት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ይህን የነገረኝ ጀይላን ነው። እሱ ሪያድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፣ እኔ ዱባይ ሰው ቤት እሠራለሁ።

«ከቀወት ሸዋ ሮቢት በእግርሽ ስትመጪ ከዚህ ያንሳል?» አለኝ በስልክ።

«ይበልጣል እንጂ! ያውም ማሾ ተሸክሜ።»

የተዋወቅነውም በማሾ ነው። ባጃጁ ላይ ስጭን ጆንያው ተቀደደና መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ባለ ባጃጁ ጀይላን ተሳፋሪዎቹን አስወርዶ አብሮኝ ለቀመ። እነሱ ሲሰድቡት ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። እኔም አቀረቀርኩ፤ ግን ዘግይቼ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ሁለታችንም ደላላ ወዳገኘልን አገር ወጣን። «ኒካ ከታሰረልን በሚስትነት አስመጣሻለሁ» አለ። ኒካ ደግሞ ሴቷ ባትኖርም ይታሰራል፤ አባቷን መወከል ይበቃታል። ለእናቴ ነገርኳት፣ እሷም ለአባቴ ለሰዲቅ ነገረችው። ጀይላን ወላጅ የለውም፤ ስለዚህ ራሱ ደውሎ «የእኔንም ወኪል አንቱ ይምረጡልኝ» ብሎ አደራውን ለአባቴ ሰጠ።

አባቴ «እሺ» አለ። እኔ ሞኟ በደስታ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የመንደራችን ሼህ ኢልያስ ነበሩ።

«ፈትያ ሰዲቅ፣ ማንን ወከልሽ?»

«አባቴን።»

የባሌን ስም አልጠራሁም። በአባት ፊት እንዴት ተብሎ ይጠራል?

«አባትሽ ለአጣዬው ነጋዴ ለጣሪቅ ሊድርሽ ነው። ፈቅደሻል?»

«አይደለም፣ ጀይላን ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ከወዲያ አባቴ ሲያስል ሰማሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ሳል ዝም ስል ኖሬያለሁ፤ አሁንም ዝም አልኩ።

ሼሁ ትንሽ ጠበቁኝ።

«የልጃገረድ ዝምታ ፈቃድ ነው» አሉ። ፋቲሃ ተቀራ፣ እልልታው ቀለጠ።

እናቴ ስልኩን ተቀበለች። «አባትሽ በአየር ለሚደረስበት ባል ልጄን አልሰጥም አለ። ምን ላድርግ? አጣዬ እኮ በሚኒባስ እዚህ ነው፣ ልጄ» ብላ አለቀሰች።

ገና ስዘጋው ጀይላን ደወለ።

«ተፈጸመ?»

«ተፈጸመ።»

«ሚስቴ!» አለ። እየሳቀ ሲያለቅስ ይሰማኛል። «ሚስቴ፣ ወረቀቱን ቶሎ ላኪልኝ። ነገ በጠዋት ለቪዛው እሄዳለሁ። ምንጣፍ ገዝቻለሁ፣ ቀለሙን ካልወደድሽው እንለውጠዋለን።»

«ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። ሌላ ነገር ማለት አቅቶኝ ነው።

«አረንጓዴ።»

«ጥሩ ነው።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ የኒካው ወረቀት ፎቶ ከቤት ተላከልኝ። የባል ስም በሚለው ላይ «ጣሪቅ» ተብሎ ተጽፏል። ለጀይላን «እወድሃለሁ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ከዚያ ፎቶውን ብቻውን ላክሁለት።

ወዲያው አየው። ከዚያ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም።