የስልኩ ሳጥን ውስጥ የቆለፍኳት መብራት

እመኑኝም አትመኑኝም፣ ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። እከሌ ነገረኝ ብዬ አይደለም የማወራችሁ።

ነሐሴ 1991 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦሌ፣ የገዛ ቤቴ ውስጥ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል...

ሌሊት ቢሆን ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን በቀን ነው፣ ምሳ በልተን ሳህኑን እንኳን አላነሳሁም።

ባሌ ኑሪ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። በዚያ ዓመት ከዱባይ ያገለገሉ ሦስት ኮምፒውተሮች አመጣ። አንዱን ሳሎን ለራሱ አስቀመጠ፣ አንዱን መኝታ ቤት ለኔ። ሦስተኛውን...

ሦስተኛውን ለተከራያችን ሰጣት።

ሳምራዊት ትባላለች። ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ፣ ለተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች የምትኖር ልጅ ናት። ቆንጆ ናት። ምን ልዋሻችሁ፣ በጣም ቆንጆ ናት።

ይባስ ብሎ ከሰርቪስ ቤቷ እስከ ኮሪደራችን ገመድ ዘረጋላት።

«ከኛ ቤት ምን አገናኛት?» አልኩት።

«ማተሚያው እኔ ጋ ነው። እንድታትምበት ብቻ ነው፣ ሸሪፋ።»

ብቻ ነው አለኝ። እሺ።

ሦስቱ ገመዶች የሚገናኙት ኮሪደሩ ላይ፣ ሀብ በምትባል ትንሽ ዕቃ ነው። በተርታ መሰኪያዎች አሏት። ከእያንዳንዱ መሰኪያ በላይ አንዳንድ አረንጓዴ መብራት አለ። አንደኛው የኑሪ፣ ሁለተኛው የኔ፣ ሦስተኛው የሷ። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሆነ ነገር ሲተላለፍ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

የሱና የሷ ሁልጊዜ አብረው ነው ብልጭ የሚሉት።

እኔ ቀናተኛ ነኝ። አፍሬበትም አላውቅም። ባሌ ነው፣ በማን ልቅና ታዲያ?

ወጥ ጥጄ ብቅ እላለሁ... ብልጭ ብልጭ። ልብስ ላሰጣ ስወጣ... ብልጭ ብልጭ። የኔዋ ድርግም ብላ ተቀምጣለች። ሁለቱ ከኔ ተደብቀው የሚሳሳቁ ነበር የሚመስለኝ። አንጀቴ እርር ይላል።

በዚያን ጊዜ ቤቱ ስልክ ያለው ሰው፣ እንግዳና ሠራተኛ እንዳይደውልበት ይቆልፈዋል። የኛም ከፊቱ መስታወት ያለው የእንጨት ሳጥን ነበረው። ሐሙስ ዕለት ኑሪ ሱቅ ሲሄድ ሀቧን አንስቼ እዚያ ሳጥን ውስጥ፣ ስልኩ አጠገብ ከተትኳት። የሳምራዊትን ገመድ ነቀልኩት። ሳጥኑን ቆለፍኩና ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

«እትዬ ሸሪፋ... ማተሚያው እምቢ አለኝ።»

«ተበላሽቷል» አልኳት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ።

ዓይኗ አንገቴ ላይ አረፈ። ቁልፉን አየችው። ከዚያ ፈገግ አለች...

«ይሁን። ቤቱን ለሌላ ሰው እለቃለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፍራሿን ታክሲ ላይ ጭና ወጣች። የግቢውን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። እፎይ ብዬ፣ ለኑሪ የሚወደውን ምሳ ሠራሁለት።

ስምንት ሰዓት ላይ ኑሪ ሳሎን ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። በኮሪደሩ ሳልፍ ዓይኔ ወደ ሳጥኑ ሄደ።

የሷ ገመድ እንደነቀልኩት ተጋድሟል። መሰኪያው ባዶ ነው።

መብራቱ ግን... ብልጭ ብልጭ።

ከኑሪ ጋር አብሮ።

ሳሎን ገባሁ። ማተሚያው ባዶ ወረቀት ያወጣል። አንድም ፊደል የለበትም። ያወጣል፣ ያወጣል...

«ኑሪ...»

«እ?»

«ማነው የሚያትመው?»

«ሳምራዊት ናታ።»

«ጠዋት ሄደች እኮ።»

«የት ትሄዳለች? ሰርቪስ ቤት ናት።» ዞር ብሎ እንኳን አላየኝም።

አጠገቡ ሻይ ተቀምጧል። እንፋሎቱ ገና ይወጣል።

«ሻዩን... ማን አመጣልህ?»

«አንቺ ነሻ። አሁን።»

እኔ ሻይ አላፈላሁም።

በዝናብ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ሮጥኩ። ባዶ መሆን ነበረበት። በሩን ስገፋው ፍራሽ ተነጥፏል። ኮምፒውተሩ በርቷል። ሚስማሩ ላይ ሻሽ ተሰቅሏል...

የኔ ሻሽ ነው። ከሥሩ የኔ ቀሚስ፣ የኔ ነጠላ ጫማ።

እየተደናበርኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። አንኳኳሁ።

ገርበብ አለ። ኑሪ ነው። ተከራይ በሚታይበት ዓይን፣ በትህትና አየኝ።

«ምነው ሳምራዊት? ማተሚያው እምቢ አለሽ?»

«ኑሪ... እኔ ነኝ። ሸሪፋ ነኝ...»

ግራ ገባው። ወደ ውስጥ ዞሮ ተጣራ።

«ሸሪፋ... ልጅቷ መጥታለች።»

ከኮሪደሩ መልስ መጣ። ድምፁ የራሴ ድምፅ ነው።

«ተበላሽቷል በላት።»

አንገቴን ዳበስኩ። ቁልፉ የለም።

ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያው ሰርቪስ ቤት ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳምራዊት ይለኛል። አይደለሁም እያልኩ ስንቱን ለመንኩ፣ አሁን ሰልችቶኝ አቤት ማለት ጀምሬያለሁ። ኑሪ ሸብቷል። እነሱ ሲሳሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እቀናለሁ... በገዛ ራሴ እቀናለሁ።

ስልኩ ከተነሳ ቆይቷል፣ ኮምፒውተሮቹም ተጥለዋል። ሳጥኑ ግን አሁንም ኮሪደሩ ላይ ተቆልፎ ተቀምጧል። ከመስኮቴ ይታየኛል።

አንደኛውና ሁለተኛው መብራት አብረው ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

ሁለተኛው የኔ ነበር።