የፋኖስ ጥፋት

ቴሳ ፉርታዶ አሥራ አንደኛው ኮምፒዩተር ላይ ስትደርስ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እጇ ሥራውን ለምዶታል። ፋይሉን ትፈልጋለች፣ ስሙ መሃል አንድ ፊደል ትሰነቅራለች፣ ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ ሰማያዊውን ምልክት የነካ ሁሉ «አልተገኘም» ከሚል መልስ በቀር የሚያገኘው ነገር የለም።

ሃያዎቹ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ማውንቴን ቪው ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤታቸው የመጡት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 መጸው ሲገባ ነው። ኢንተርኔት የሚከፈትበት፣ ሰማያዊ ምልክት ያለው ብሮውዘር አብሮ ተጭኖ መጥቷል፤ ያውም በነጻ። የቴሳ እናት ፌርናንዳ የምትሠራበት ትንሽ ኩባንያ ደግሞ የሚሸጠው ያንኑ ዓይነት ነገር ነበር፤ ፋኖስ የሚባል ሌላ ብሮውዘር። የፌርናንዳ ሥራ ስህተት መልቀም ነው። ፋኖስ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት እያንገላታች የት ላይ እንደሚሰበር ትፈልጋለች። ባለፈው ሳምንት ግን አለቃዋ ጠርቶ ከወሩ መጨረሻ በኋላ እንዳትመጣ ነገራት።

«ቤቱ ውስጥ ቧንቧ ያለው ሰው ውኃ ሊገዛ አይወጣም» አለች ፌርናንዳ እራት ላይ፣ ቋሊማውን በሹካ እያገላበጠች።

የኮምፒዩተር ክፍሉ ረዳት ቴሳ ናት፤ ቁልፉም እሷ ዘንድ ነው። መምህሩን ሚስተር ኦካሞቶን አስፈቅዳ ፋኖስን ሃያዎቹም ላይ ጭናው ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ የከፈተው ሰው ቢኖር እሷ ብቻ። «ይሄኛው እያለ ምን አለፋኝ?» ይላሉ ልጆቹ። ሞክረው ጠልተውት ቢሆን ባልከፋት። ቴሳን ያንገበገባት ዞር ብለው እንኳ አለማየታቸው ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋ ጆስሊን እየሮጠች ገባች። ለከተማው ኮሌጅ የቅዳሜ ሳይንስ ትምህርት ማመልከት የሚቻለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

«ሰማያዊው እምቢ አለኝ» አለች።

«ፋኖስን ሞክሪዋ» አለች ቴሳ፤ ደስታዋን ደብቃ።

ጆስሊን ሦስት ገጽ ሙሉ ሞላች። ለምን ሳይንስ እንደምትወድ የጻፈችውንም ረጅም ጽሑፍ እዚያው አስገባችና «ላክ» የሚለውን ተጫነች። ፋኖስ ደርቆ ቀረ። የኮሌጁ ገጽ የተሠራው ለሌላው ብሮውዘር ነበር። እንደገና ሞላች፤ እንደገና ደረቀ። ለዘጠኝ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። አንዷን ፊደል ማውጣት ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ቴሳ ይህን ታውቃለች። ግን «እስቲ ልየው» ብላ እጇን ብትዘረጋ፣ እሷ ያደረገችውን ሁሉ ጆስሊን በዓይኗ ልታየው ነው። ቆማ ሰዓቱን አየች። ዘጠኝ ሞላ።

ጆስሊን አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አነሳችና፣ «የእናትሽ ዕቃ የዛገ ነው፣ ቴስ። ሰው ለምን እንደማይፈልገው አሁን ገባኝ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ሚስተር ኦካሞቶ ፋኖስ ከሰማያዊው ብሮውዘር ጋር እየተጣላ ስላስቸገረ ሊያጠፉት መሆናቸውን ለቴሳ ነገሯት። ወሬው ፌርናንዳ ጋ ሲደርስ ስልክ መታች። «ሳላየው አያጥፉብኝ» አለች። አርብ ከትምህርት በኋላ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ መጣች፤ ቴሳም አጠገቧ ቆመች።

ችግሩን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። እጇ ቀጥ አለ። ወደሚቀጥለው ኮምፒዩተር ሄደች፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው። ሁሉም ላይ ያቺው ፊደል፣ እዚያው ቦታ። ወደ ልጇ ዞራ አላየችም። አንድ በአንድ እያለፈች አስተካከለቻቸው።

ሚስተር ኦካሞቶ የሻይ ኩባያቸውን እንደያዙ ገቡ። «እህ፣ ወይዘሮ ፉርታዶ፣ ጥፋቱ የማን ሆነ?»

ፌርናንዳ ደብተሯን አጠፈች። «የኛ ነው። የፋኖስ።»

«አዝናለሁ። ርእሰ መምህሩ የጽሑፍ መግለጫ ይፈልጋሉ።»

«ስሜን ያስገቡበት። ፈትሼ ያለፍኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ በአራት ዓመት ሥራዋ የሌለ ስህተት መዝግባ አታውቅም። ቴሳ ወደ መምህሩ ዞረች።

«ቲቸር…»

«ቴሳ፣ ቦርሳሽን ያዢና መኪናው ጋ ጠብቂኝ» አለች ፌርናንዳ ቶሎ ብላ።

ቴሳ አልሄደችም። «ፋኖስ አይደለም። ፋይሎቹን የነካካሁት እኔ ነኝ።»

ሚስተር ኦካሞቶ ኩባያቸውን አስቀመጡ። «የጆስሊን ማመልከቻ የቀረውም በዚህ ነው?»

«አዎ።»

እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን ሰጠቻቸው። «ሰኞ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ትቀርቢያለሽ» አሉ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፋኖስን ግን ያው አጠፋዋለሁ፣ ወይዘሮ ፉርታዶ። ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣው ይበቃናል።»

«ይበቃችኋል» አለች ፌርናንዳ።

መኪናው ውስጥ ፌርናንዳ ሞተሩን ሳታስነሳ ወደ ልጇ ዞረች። «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? እኔ እንደሆንኩ በወሩ መጨረሻ ወጪ ነኝ። እዚህ የምትቀሪው አንቺ ነሽ።»

የትምህርት ቤቱ መውጫ ላይ ሲደርሱ ቴሳ፣ «ወደ ቤት አትሂጂ፣ እማዬ። ጆስሊን ቤት አውርጂኝ» አለች።

«ላታናግርሽ ትችላለች።»

«አውቃለሁ።»

ፌርናንዳ ግራና ቀኙን አየች። ቤታቸው በስተቀኝ ነበር። መሪውን ወደ ግራ አዞረች።