ዝንብ የምትበላዋ ቅጠል

ጋሼ ማስረሻ እስከ ወገባቸው የረግረጉ ጭቃ ውጧቸዋል፤ የቆርቆሮ ሣጥኑን ግን ከራሳቸው አላወረዱም። ሀፍሷ የወረወረችላቸው ገመድ አጠገባቸው ወድቋል፤ ሁለት እጃቸው ሣጥኑን ስለያዘ አልነኩትም።

«ይጣሉት ጋሼ» አለች ከዳር።

«የሰው ዕቃ ነው።»

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ተራ ወዛደር ሆነው ሲኖሩ፣ ባለዕቃው «እዚህ አውርድ» ሳይል ሸክም አስቀምጠው አያውቁም። ጉድ እኮ ነው፤ ሰውየው እየሰመጡ ሕጋቸው ንቅንቅ አላለም።

ጥፋቱ የሀፍሷ ነው። የሸማ ተራ ነጋዴ ልጅ ናት፣ ዕፅዋት ታጠናለች፤ ረግረግ ግን ትፈራለች። ሌላ ቦታ የማትገኘው ዝንብ የምትበላዋ ቅጠል ነገ ጠዋት አዲስ አበባ፣ የማድረቁን ሥራ ያዘዙት ኃላፊ ፊት በሕይወት ካልቀረበች ይህ የአያቶቿ አገር ረግረግ ይደርቃል። ቦይ የሚቆፍረው ማሽን ወዲያ ማዶ ቆሟል። ስለዚህ ፈርታ ዕቃ እንዲሸከሙላት ከአውቶቡስ ተራ ይዛቸው የመጣችውን እሳቸውን አስገባች። ዝናቡን ችለው፣ አልቅቱን ከባታቸው እየነቀሉ ቅጠሏን አገኙ፤ ሲመለሱ ነው መሬቱ የከዳቸው።

ጭቃው ደረታቸው ደረሰ። ሀፍሷ ሱቅ ደጃፍ እንደቆመ ባለዕቃ ድምጿን አረጋጋች።

«ደርሰናል ጋሼ። እዚህ ያውርዱት።»

አወረዱት። ሣጥኑ ከነቅጠሏ ሰመጠ፤ እሳቸውም ገመዱን ያዙ። መዳፏ እስኪላጥ ጎተተች።

ዳር ላይ ተዘርረው እንባቸው መጣ። «ዕቃ ጥዬ አላውቅም ነበር።»

ከማዶ ሠራተኞቹ የማሽኑን ሞተር ይሞክራሉ። ሀፍሷ ጋቢዋን አውልቃ ገመዱን ወገቧ ላይ አሰረች።

«አንቺ ልትገቢ? ትሰምጫለሽ።»

«እተኛበታለሁ። ብቻ እንዳይለቁኝ።»

ጋቢውን ጭቃው ላይ ዘርግታ፣ አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ በጥርሷ ነክሳ፣ በሆዷ ተሳበች። አምስት ክንድ፣ አሥር ክንድ፤ ውሃው አገጯን ነካ። ከዚያ አየቻት። ከጥፍር የማትበልጥ ቀይ ቅጠል፣ በሸፈናት ስስ ፀጉር ላይ ማር የመሰለ ጠብታ። ከነጭቃዋ ቆፍራ ሃይላንዱ ውስጥ አስገባቻት። ጋሼ ማስረሻ ገመዱን ጎትተው አወጧት።

በማግስቱ አውቶቡስ ተራ ሲወርዱ ጋሼ ማስረሻ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪ፣ የኔ ሥራ ነው።»

«ገና አልደረስንም» አለች።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጸሐፊዋ «ወለሉ ላይ አስቀምጪና ጠብቂ» አለቻት። ሀፍሷ አላስቀመጠችም። አንድ ሰዓት ሙሉ ሃይላንዱን ይዛ ቆመች፤ ጋሼ ማስረሻም አብረዋት ቆሙ።

በመጨረሻ ኃላፊው ወጥተው ጎንበስ አሉ። ከአውቶቡስ ተራ የተከተላት አንድ ትንሽ ዝንብ ቅጠሏ ላይ አረፈ፤ ሊነሣ ቢታገልም እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ኃላፊው ወደ ቢሯቸው አስገቧቸው። ስልክ አንሥተው «ማሽኑ ይቁም» አሉ።

ከዚያ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ወረቀት ወደ ጎን ገፉ።

«እዚህ አውርጂው፣ ልጄ።»