ንጉሡ ሠ የሌለበት ካርድ

አቶ ክፍሌ በስደት በሚኖሩበት የሬኒየር ቢች ሰፈር በሚገኘው ጋራዣቸው፣ ከአርባ ዓመት በፊት የአማርኛ መጻፊያ ካርድ በሠሩለት አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ሞተው ተገኙ። የጠጡት ሻይ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበረበት። አጠገባቸው እንደ አሮጌ ማተሚያ ፊደሉ ነጥብ በነጥብ የታተመ ወረቀት ተቀምጧል፦ «ካርዱን የሠራው ጌዴዎን ነው። ሥራውን ሰርቄዋለሁና ኃጢአቴን ይቅር በሉኝ።»

ፖሊሶች ራሳቸውን አጥፍተዋል ሲሉ፣ የአቶ ክፍሌ ልጅ ኖላዊት መርማሪ ማንአልሞሽን ጠራች።

«የኮምፒውተር ሙዚየሙ ቅዳሜ የአባባን ስም በሰሌዳ ሊሰቅል ነበር» አለቻት። «አሁን የሌባ ስም ሆኖ ሊቀር ነው።»

«ቀለም ኮምፒውተር» የሦስት ሰዎች ድርጅት ነበር። አቶ ክፍሌ ይነድፋሉ፣ አቶ አቤል ይበይዳሉ፣ ጌዴዎን ሱፉን ለብሶ ይሸጣል። ካርዱ የቤት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ አማርኛ ያጽፋል። ስድሳ ያህል ሸጠው ድርጅቱ ተዘጋ።

አቶ አቤል ጋራዡ ውስጥ ቆመው እያለቀሱ ሳቁ። «ምን ያልተባልነው አለ ልጄ! ‹ፊደል ገዳዮች› ተብለናል። ቺፑ ጠባብ ነበር፣ ሁሉንም ፊደል አይዝም፤ ክፍሌ ከሞክሼ ፊደሎቹ አንድ አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን አስወጣቸው።»

ጌዴዎን ከሚኖርበት ከሾርላይን ከተማ መጥቶ ወንበሩን በመሐረብ ጠረገ። «ሶ፣ ምን ያጨቃጭቃል? ትናንት ከሰዓት እዚሁ እኔ ፊት ፕሪንት አደረገው። እያለቀሰ!»

«ከዚህ ማሽን?»

«ታዲያ ከየት? የገዛ እጅህን ሥራ አታውቀውም ልትዪኝ ነው?»

ማንአልሞሽ እንዲህ ያለውን ሰው ታውቀዋለች፤ በሌላው ላብ ታጥቦ ንጹሕ ነኝ የሚል።

ኖላዊትን፣ አቶ አቤልንና ጌዴዎንን ማሽኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው፤ ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ጌዴዎን፣ ሠሪው እርስዎ ከሆኑ ወረቀቱን ደግመው ይጻፉልን።»

በንቀት ፈገግ ብሎ ጀመረ። «ካርዱን የ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ግን ጣቱ ማረፊያ እንዳጣ ዝንብ ቁልፎቹ ላይ ይዞር ጀመር።

«ምን ጠፋብዎ?»

«ንጉሡ ሠ... የት ነው?»

«የለም። ብዙኃኑ ኀም የለም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም አሉ። ይህ ማሽን ያንን ወረቀት ሊያትም አይችልም፤ ስለዚህ ሲታተም አላዩም። ሌላ ቦታ አስመስለው አትመው፣ መድኃኒቱን አቶ ክፍሌ ሻይ ውስጥ ጨምረው፣ አጠገባቸው አስቀመጡት። ሠራሁት ያሉት ካርድ የትኛው ፊደል እንደሚጎድለው እንኳ አያውቁም። ሌባ ቢያንስ የሰረቀውን ያውቃል!»

«በአንድ ፊደል ሰው ይታሰራል?» አለ ጌዴዎን። ፖሊሱ እጁን ያዘው።

ቅዳሜ የሙዚየሙ ሰው ኖላዊት ያጻፈችው ሰሌዳ ላይ የፊደል ግድፈት አለ፣ ላርመው ብሎ ደወለላት።

«አይታረም» አለች። «አባባ እንደዚያ ነው የሚጽፈው።»

ሰሌዳው እንዲህ ይላል፦ «ክፍሌ ሰራው።»