ቀዝቃዛው ግድግዳ

«ፍሪጅ ተይዟል?» አለ መሀመድአሚን፣ ደብተሩን ፊቱ ላይ እያርገበገበ።

«ተይዟል» አለች ፋሪሃ ቀና ሳትል። ቦርሳዋ ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ለማን? ለማርቲ እንዳትዪኝ ብቻ! እሷ ሆስፒታል አይደለች እንዴ?»

«ትመጣለች።»

«አቦ አንቺ ደግሞ! ሰው በሙቀት እየቀለጠ ለቦርሳ ወንበር ይያዛል?» እያጉረመረመ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ፍሪጅ የሚሉት የቤተ መጻሕፍቱን የኋላ ጥግ ነው። በግንቦት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰመራ ውስጥ የብረት በር በባዶ እጅ አይነካም። የክፍሎቹ ማራገቢያዎች ሞቃቱን አየር ከወዲያ ወዲህ ከማመላለስ በቀር ፋይዳ የላቸውም። ያ ጥግ ግን ይቀዘቅዛል። ከግድግዳው ጀርባ የትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ቆሟል፤ ግድግዳውን የተደገፈ ሰው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን የተደገፈ ያህል ጀርባው ቅዝቅዝ ይለዋል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና አምስት ሳምንት ስለቀረው፣ ደወል እንደተደወለ ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ግን ፋሪሃን የቀደማት የለም። ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር ለማርቲ ትይዛለች፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ለራሷ። ማርቲ ሒሳብ ታስረዳታለች። ፋሪሃ ከዚህ ቅዝቃዜ በቀር የምትሰጣት ነገር የላትም።

ከማርቲ በፊት ሳሏ ገባ። በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። አንዷ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጣል አደረገች። ማርቲ እንዳላየች ሆና አለፈቻቸውና ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል።

«ምን አሉሽ?» አለች ፋሪሃ በሹክሹክታ።

«ቲቢ አይደለም። አክታዬን ሁለቴ መረመሩት፤ ነፃ ነኝ።» ማርቲ ወደ በሩ በአገጯ አመለከተች። «ለነዚያ በድምፅ ማጉያ ንገሪልኝ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሳንባሽ ተቆጥቷል አለኝ ዶክተሩ። የምትተነፍሺው የሆነ ነገር ነው አለ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠኝ። ከዚያ ምን ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው? ‹ቤታችሁ እርጥበት አለው ወይ? ግድግዳችሁ ይሻግታል ወይ?› እማዬ በሳቅ ልትሞት! ‹ዶክተር፣ ያለነው እኮ ሰመራ ነው! እዚህ ልብስ ገና ሳይሰጣ ነው የሚደርቀው› አለችው።»

ማርቲም ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ሳል ተለወጠ። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ቆየች። ሳሉ ሲለቃት ዓይኖቿ ቀልተው ነበር።

«ሙቀቱ ነው ብላ ወስናለች። ቅዳሜ ደሴ፣ አክስቴ ጋ ልትልከኝ ነው።»

«ፈተናውስ?»

«በሚመጣው ዓመት» አለች ማርቲ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ ደክሞኛል ብላ ወጣች።

ፋሪሃ ጥጉ ላይ ብቻዋን ቀረች። መጽሐፉ ተገልጦ አንድ መስመር ሳታነብ ቆየች። በሚመጣው ዓመት እሷ ዘጠነኛ ክፍል ትሆናለች፤ ማርቲ ደግሞ እንደገና ስምንተኛ፣ ያውም የማንንም ስም በማታውቅበት ክፍል። ወደ ማርቲ ወንበር ተሻግራ ወደ ኋላዋ ተደገፈች። ግድግዳው ጀርባዋን ነካት፤ ሽታውም መጣ። ሁልጊዜ የአሮጌ መጻሕፍት ሽታ ይመስላት ነበር። ዛሬ ግን የዶክተሩ ጥያቄ ጆሮዋ ውስጥ ስለነበረ ሽታው ሌላ ነገር አስታወሳት። ዓምና በረመዳን ሎጊያ ባለው የአባቷ ሱቅ ጓዳ ውስጥ አንድ ካርቶን ተምር ውሃ ገብቶበት ተበላሽቶ ነበር። ካርቶኑን ስትከፍት አባቷ «አታሽትቺው! አፍንጫሽን ሸፍነሽ ጣዪው» ብሏት ነበር።

ልጆቹ አንድ በአንድ እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ ግድግዳውን ተጠግቶ ከቆመው መደርደሪያ ታችኛውን ረድፍ መጻሕፍት ማውጣት ጀመረች። አራተኛው መጽሐፍ ከአምስተኛው ጋር ተጣብቆ ወጣ። ከበስተጀርባቸው ግድግዳው ጥቁርና አረንጓዴ ነበር፤ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረ። ቀለሙ አብጦ ተነስቷል። በጣቷ ስትነካው ፍርክስ አለ፤ ጣቷም ረጠበ። የሰው ከንፈር በሚሰነጠቅበት ከተማ፣ ይህ ግድግዳ ርሶ ተቀምጧል።

ማሰብ ያልፈለገችውን አሰበች። ማርቲ ማሳል የጀመረችው ኅዳር ላይ ነው። ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ትምህርት ሲዘጋ ተሻላት፤ ያኔ የታዘዘላት ሽሮፕ ሠራ ተባለ። ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ ሳሉ ተመለሰ። ፋሪሃም በየቀኑ እየሮጠች ያንን ወንበር ትይዝላት ነበር።

«መጽሐፉን መልሺው» አለ ከኋላዋ ድምፅ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ ውባየሁ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቆመዋል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሻጋታ ነው።»

«አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ኖራ ቀባሁት፤ ይመለሳል። ታንከሩ ሌሊት ሲሞላ ይፈሳል። መደርደሪያውን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ለዳይሬክተሩ አይነግሯቸውም?»

እትዬ ውባየሁ የማርቲ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ይህች ክፍል የተሰባበረ ዴስክ ማጠራቀሚያ ነበረች። አስለቅቄ ቤተ መጻሕፍት ለማድረግ ሦስት ዓመት ደጅ ጠናሁ። አሁን በገዛ አፌ ተበላሸች ብዬ ላዘጋት? እዚህ አገር አንዴ የተዘጋ ክፍል እስኪከፈት እናንተ አግብታችሁ ትወልዳላችሁ።» ፈገግ ሊሉ ሲሉ ሳል ያዛቸው፤ ደረቅና አጭር።

«እርስዎም ያስልዎታል።»

«የእኔ እርጅና ነው። ክረምት ሐይቅ እናቴ ጋ ስሄድ ይተወኛል፤ መስከረም ስመለስ ደግሞ…» አቆሙ። ዓረፍተ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ የሰሙት ይመስል ግድግዳውን ለጥቂት ጊዜ አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አምስት ሳምንት ብቻ» አሉ። «ፈተናው ይለፍ። ጓደኛሽን ሌላ ቦታ አስቀምጪያት። ከዚያ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። እሺ የእኔ ልጅ?»

ፋሪሃ ትልቅ ሰው ፊት እምቢ ማለት አትችልበትም። «እሺ» አለች።

በማግሥቱ ረቡዕ እንደ ልማዷ ቀድማ ደረሰች። ግን ወደ ጥጉ አልሄደችም። በሩ አጠገብ ሁለት ወንበር ያዘችና ጠበቀች። መሀመድአሚን ሲገባ ፍሪጅን ባዶ አይቶ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ሞታችኋል እንዴ?» ብሎ ሮጦ ተቀመጠ።

ማርቲ መጣች። እግሯ ራሱ ወደ ጥጉ ወሰዳትና መሀመድአሚንን ስታይ ቆመች። ወደ ፋሪሃ ዞረች።

«ቦታዬን ሰጠሽው?»

«እዚህ ነይ። በሩ ጋ ይሻላል… አየር አለ።»

«አየሩ ለእኔ ነው ወይስ ለእናንተ?»

«ማርቲ፣ እንደዚያ አይደለም—»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

ፋሪሃ አፏን ከፈተች። እትዬ ውባየሁ ከጠረጴዛቸው ሆነው እያዩዋት ነበር። አፏን ዘጋች።

«አንቺም?» አለች ማርቲ ቀስ ብላ። «ነፃ ነኝ አልኩሽ እኮ። ቢያንስ አንቺ…» ቀሪውን ሳትጨርስ ወጣች። ሳሏ ከኮሪደሩ ማዶ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ።

ፋሪሃ ወደ ጥጉ አየች። መሀመድአሚን ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ በረጅሙ ይተነፍሳል። ደስ ብሎታል። ዛሬ ያንን አየር የሚስበው እሱ ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል።

ተነስታ ሮጠች። ማርቲን የደረሰችባት ከግቢው በር ሳትወጣ፣ የዘበኛው መጠለያ ጥላ ሥር ነው። ሁሉንም ነገረቻት፤ መደርደሪያውን፣ የተጣበቁትን መጻሕፍት፣ የእትዬ ውባየሁን ልመና። ከጥላው ውጭ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ፋሪሃ ስትጨርስ እንባዋና ላቧ ተቀላቅሎ ነበር።

«ወላሂ አላወቅኩም። የያዝኩልሽ እንዲቀዘቅዝሽ ብዬ ነው።»

ማርቲ የጠየቀችው ግን ፋሪሃ ያልጠበቀችውን ነው። «እና ሙቀቱ አይደለም ማለት ነው?»

«ዶክተሩ ነው የሚያውቀው። ግን እሱ የጠየቀው ስለ ቤታችሁ ነው። በቀን አራት ሰዓት የት እንደምትቀመጪ አልጠየቀም።»

«እኔም አልነገርኩትም።» ማርቲ የዘበኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። «ከተናገርሽ ግን ይዘጉታል። ልጆቹ ይበሉናል። ‹ለማርቲ ሳል ሲባል› ይላሉ።»

«በእኔ ያሳብቡ» አለች ፋሪሃ። ከአፏ ከወጣ በኋላ ፈራች። በክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳን «አቤት» ለማለት ድምፅዋ የሚጠፋባት ልጅ ናት። ቢሆንም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመለሰች።

የእትዬ ውባየሁ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። «እትዬ፣ ትናንት እሺ ብዬዎት ነበር። ቃሌን ላፈርስ ነው። ግን ከጀርባዎ መሄድ አልፈለግኩም። ለዳይሬክተሩ ልነግራቸው ነው።»

እትዬ ውባየሁ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ንጹሕ ሆኖም መጥረጋቸውን አላቆሙም።

«ሌሊቱን ስቆጥር አደርኩ» አሉ በመጨረሻ። «ስድስት ክረምት። በስድስቱም ሐይቅ ስደርስ ተሽሎኛል። አንድ ጊዜ እንኳን ይህን ክፍል አልጠረጠርኩም። እንዴት ልጠርጥር? የምወደው ክፍል ነው።» ተነሡ። «ያ መደርደሪያ ለሁለታችን ይከብዳል። ልጁን ጥሪው። እናንተ ደግሞ አፋችሁን ሸፍኑ።»

መሀመድአሚን እየተነጫነጨ ተነሣ። ሸሚዙን አፍንጫው ላይ ስቦ፣ ሦስቱም አንድ ላይ ጎተቱት። መደርደሪያው ወለሉን እየፋቀ ሲነሣ በክፍሉ ያሉ ሁሉ ቀና አሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ታየ።

«ወላሂ፣ ጭንቅላቴን ያስደገፍኩት እዚህ ላይ ነው እንዴ?» መሀመድአሚን ፀጉሩን በሁለት እጁ ማራገፍ ጀመረ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ የምትጥለው ልጅ አልሳቀችም፤ ጥጉንም በሩንም እያየች ነበር። በሩ ላይ ማርቲ ቆማለች።

እትዬ ውባየሁ ያስጠሯቸው ዳይሬክተሩ አቶ በላይ መጡ። ግድግዳውን አዩ፤ በመስኮት ታንከሩን አዩ። ታንከሩ እስኪጠገንና ግድግዳው ተፍቆ እስኪደርቅ ክፍሉ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል አሉ።

«እስከ መቼ ቲቸር?» አለ አንድ ልጅ።

«ሳላውቅ ቀን አልሰጣችሁም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። «አምስት ሳምንት ቀርቶን?» «የት እናጥና ታዲያ?» «ማን ነው አሁን ይሄን የቆሰቆሰው?»

አቶ በላይም ያንኑ ጠየቁ። «በነገራችን ላይ፣ መጀመሪያ ያየው ማን ነው?»

እትዬ ውባየሁ ወደ ፋሪሃ አላዩም። «እኔ…» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ፋሪሃ ቀደመቻቸው።

«እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም ተሰማ። ሠላሳ ፊት ወደ እሷ ዞረ። አንዳንዱ ተቆጥቷል፤ አንዳንዱ ምን እንደሚሰማው ገና አላወቀም።

ማርቲ በሩ ላይ እንደቆመች የእትዬ ውባየሁን ስልክ ተበድራ ደወለች። «እማዬ፣ የቅዳሜውን ትኬት አቆዪው። መጀመሪያ ዶክተሩ ጋ እንመለስ… አይ፣ አልባሰብኝም። ያልነገርነው ነገር አለ።»

ልጆቹ ቦርሳቸውን እየያዙ ሲወጡ አንዳንዶቹ ፋሪሃን በትከሻቸው ገፋ እያደረጉ አለፉ። አላለቀሰችም። ከግቢው ማዶ፣ በአስተዳደሩ ሕንፃና በኒም ዛፎቹ መካከል ያለውን ቦታ እያየች ነበር። እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ፀሐይ አይደርስበትም።

«ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያ ጥላ ሥር እመጣለሁ» አለች። ለማንም ለይታ አልተናገረችም። «ትምህርት እስኪጀመር ሁለት ሰዓት አለን። ሒሳብ እንጀምራለን።»

«በሌሊት?» አለ መሀመድአሚን። «ማን ይመጣል ብለሽ ነው?»

«አላውቅም» አለች ፋሪሃ፤ እውነትም አታውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ጠረጴዛ በአንድ ወገን አነሣችና ወደ በሩ መጎተት ጀመረች።