ከአምስት እስከ አሥራ ሁለት

የሕንፃ ተቋራጩ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ሞቷል። ደረቱ ውስጥ የተተከለው የልብ ፓምፕ ቆሟል፤ ከሆዱ የሚወጣው ሽቦ ግን ወገቡ ላይ ካለችው መቆጣጠሪያ አልተነቀለም። ባትሪዎቹም ሙሉ ናቸው።

«ፓምፑ ውስጥ ደም ረግቶ ነው» አለ ከሆስፒታል የመጣው ባለሙያ። «የደም ማቅጠኛውን ሳምንት ሙሉ አልወሰደም። መቆጣጠሪያዋ መዝግባዋለች፤ ፓምፑ የሚበላው ኃይል ከአምስት ዋት ተነሥቶ በየቀኑ አንድ አንድ እየጨመረ አሥራ ሁለት ገብቷል። በጊዜው ብንሰማ እናተርፈው ነበር።»

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ የዕለት መዝገቡን ገለጠች። በየዕለቱ ቤት እየመጣች በምታክመው ነርስ እጅ ጽሑፍ፣ ሰባቱንም ቀን «አምስት» ይላል። የደም ማቅጠኛውን ክኒን ብልቃጥ መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ቫይታሚን!

«ይያዟት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?» ብሎ ጮኸ የሟች ወንድም።

ነርሷ እንባዋ ቀደማት። «በልጆቼ ስም! ሽቦው የሚወጣበትን ቁስል ሳጸዳ ጓንት ስላጠለቅኩ መቆጣጠሪያዋን አልነካም። ቁጥሩን የሚያነቡልኝ እትዬ ናቸው። ስጨርስ የነገሩኝን እጽፋለሁ።»

«እኔ?» አለች ሚስት። «ቁጥር ከየት አውቄ? ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት!»

«እውነቷን ነው፤ የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነው» አለ ወንድምየው።

ወንፊት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስልክ ቁጥር አየች። «ይህን ማን ለጠፈው?»

«እኔ። የሆስፒታሉ ስልክ ስለተቀየረ፣ ትናንት ከሰዓት» አለች ነርሷ።

«ዛሬ ጠዋትስ ለሆስፒታሉ ማን ደወለ?»

«እሷ ናት» አለ ወንድምየው። «እኔ ስደርስ ብቻዋን ነበረች።»

ወንፊት ሁሉንም ሳሎን አስቀመጠቻቸው። እሷ አልተቀመጠችም።

«ነርሷ ማሽኑ እንደሚመዘግብ ታውቃለች፤ የሚያሳስራትን ውሸት በገዛ እጇ አትጽፍም። አንተ መድኃኒት ከፋርማሲ ታመጣለህ፤ ቁስሉ ሲጸዳ ግን እዚህ አልነበርክም። አሥራ ሁለት አይቶ ‹አምስት› የሚል፣ አልጋው ሥር የቆመ ሰው ነው። እትዬ፣ ትናንት የተለጠፈ ቁጥር ካላነበቡት እንዴት ደወሉ? ያነባሉ። ክኒኑን የቀየሩትም እርስዎ ነዎት።»

ነርሷ እንደ ልጅ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሚስትየው ግን ፈገግ አለች።

«ቁጥር ያስተማረኝ ልጄ ነው። ከሌላ ሰው የወለድኩት ነዋ፣ ባሌ ያለ ደኅንነት መታጠቂያ ሰባተኛ ፎቅ አወጣው። ወድቆ ሲሞት ደግሞ ‹ሰክሮ ነው› ብሎ ፈረመበት። ልጄ አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም! ያቺ ቁጥር አንድ በጨመረች ቁጥር አንድ ፎቅ የምወጣ ይመስለኝ ነበር። ሰባት ጠዋት ወጣሁ።»

«እንዴት አስቻለሽ?» አለ ወንድምየው።

ካቴናው እጇ ላይ ገብቶ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«አንተም መስክረህበታል፤ አፉ ይሸታል ብለህ። ደረትህ ውስጥ ፓምፕ ስለሌለ አመስግን።»